ፍሬኑን የማይለቅ ፍሬን ያጣል

ቱር ደ ፍራንስን የሚከታተል ሰው ዓይኑን የሚተክለው ዳገቱ ላይ ነው። ማን አፈተለከ? ማን ወደኋላ ቀረ? ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን "በቃ ይወርዳሉ" ብሎ ሻይ ለማዘዝ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው ግን ሰከንድ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካሳርቴሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ቱር ላይ ሕይወቱ ያለፈው ከተራራ ሲወርድ ወድቆ ነው። በ2003 ደግሞ በአጠቃላይ ውጤት ሁለተኛ የነበረው ስፔናዊ ጆሴባ ቤሎኪ ወደ ጋፕ ከተማ ሲወርድ በፀሐይ የቀለጠ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው ያዘበት፤ ጎማው ከቸርኬው ወለቀና የጭኑ አጥንት ተሰበረ።

ያኔ ፍሬን የሚነክሰው ቸርኬውን ነበር። ግለቱ ቀጥታ ጎማው የተጣበቀበት ቦታ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ዲስክ ፍሬንን ለጎዳና ውድድር በይፋ ሲፈቅድ ታዲያ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

አላለቀም። ግለቱ ቦታ ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። በፍጥነት ለሚወርደው አብዛኛውን ንፋሱ ይወስድለታል። ፈርቶ ፍሬኑን እንደያዘ ቀስ እያለ የሚወርደው ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል የሚጭነው ከሲዲ ብዙም በማይበልጡ ሁለት ስስ ብረቶች ላይ ነው። መጀመሪያ ሸራው ይቃጠልና መያዙን ይቀንሳል። ቀጥሎ ዘይቱ ይግላል። ዘይቱ አርጅቶ ውኃ ከገባበት ደግሞ ይፈላና አረፋ ይሠራል። ያን ጊዜ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ቢጨመቅም ብስክሌቱ አይቆምም።

ይህን የአባይ በረሃን የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር በደንብ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል እንጂ ፍሬን ላይ ቆሞ አይወርድም። ብስክሌት ግን የሚይዝለት ሞተር የለውም። ያለው ንፋስና ጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ጣት ላይ ነው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቆ ንፋሱ እንዲያበርደው መተው። በእያንዳንዱ ኳስ ላይ የሚንሸራተት ተከላካይ ዘጠና ደቂቃ አይጨርስም፤ ጎበዙ መቼ እንደሚገባ ይመርጣል። ፍሬንም እንዲሁ ነው። ክብደት ያለው ሰው ደግሞ 140 ሚሊሜትሩን ትቶ 160ውን ዲስክ ቢያስገጥም ይሻለዋል። ዘይቱንም በጊዜው ያስቀይር።

ፍሬን እምቢ ባለ ቁጥር ፋብሪካውን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን ወጣቶችን ዳገት መውጣት ብቻ እያስተማረ ቁልቁለቱን "ራሱ ይወርደዋል" ብሎ የሚተው አሠልጣኝም ከወቀሳው ድርሻ አለው። መውረድም እኮ ሥልጠና ይፈልጋል።