ያስያዝነውስ የት ገባ?

የአዲስ አበባ ተከራይ ውል በታደሰ ቁጥር የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ጨምር!» ኪራይ ጨምር፣ መያዣ ጨምር። መጀመሪያ ቤቱ ሲገባ ያስያዘው ገንዘብ ግን ስሙም አይነሳ። ደፍሮ ከጠየቀ «እሱማ ያለፈው ውል ነው» ይባላል። ኧረ ለመሆኑ ያለፈው ውል ገንዘቡንም ይዞ አለፈ እንዴ?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በወር 10,000 ብር የተከራየ ሰው የሁለት ወር 20,000 ብር አስይዟል እንበል። ውሉ ሲታደስ ኪራዩ 11,000 ሆነ። መያዣው ይስተካከል ከተባለ የጎደለው 2,000 ብር ብቻ ነው። አከራይ ግን «እንደ አዲስ የሁለት ወር አምጣ» ብሎ 22,000 ይቀበላል። 42,000 ብር እሱ እጅ ገባ ማለት ነው። ለተከራዩ ላም አለኝ በሰማይ!

በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። የተኖረበት ቅድሚያ ክፍያ አለቀ፤ እሱን መልሱ አንልም። አከራዩ ዘንድ ቁጭ ባለው ላይ ሌላ የሁለት ወር መጫን ግን በበር የተከለከለውን በመስኮት ማስገባት ነው።

አከራይም በደል የለበትም አንልም። መብራትና ውሃ ሳይከፍል፣ በርና መስኮት ሰብሮ ሌሊት የሚሰወር ተከራይ ሞልቷል። መያዣ የሚያዘውም ለዚሁ ነው። የተሰበረ ካለ በደረሰኝ ይቀነስ፣ የቀረው ይመለስ። ያልተሰበረን ግን ማስከፈል ምን ይሉታል?

አዋጁ እንደወጣ የተፈረሙ የሁለት ዓመት ውሎች ጊዜያቸው ከ2018 ጀምሮ መሙላት ይዟል። ውል መዝጋቢ ሹማምንት ኪራዩን መዝግቦ ማኅተም መምታት ብቻውን ሥራ እንዳይመስላቸው! «ከቀድሞው ውል የተላለፈ መያዣ ይህን ያህል ብር» የምትል አንዲት መስመር በአዲሱ ውል ላይ ያስጽፉ። ወረቀትና ቀለም እንጂ በጀት አትጠይቅም።

ተከራይም ይንቃ። ደረሰኝህን አትጣል፤ ያቺ መስመር ሳትጻፍም አትፈርም። ያስያዝከው ገንዘብ ያንተው ነው!