ኮምፒዩተሩ የቤተሰቡ ነው ወይስ የልጁ?

በብዙ የስደተኛ ቤት አንድ ኮምፒዩተር አለ። የሚገዛው በወላጅ ላብ ነው፤ አዛዡ ግን ልጅ ነው። እናት ለአገር ቤት ደብዳቤ መጻፍ ስትፈልግ «እስቲ ክፈትልኝ፣ የኔ ልጅ» ማለት አለባት። የባንክ ሂሳቧንም የሐኪም ቀጠሮዋንም የምታየው እንዲሁ ተለማምጣ ነው። ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረላትም።

ይህን የእርሷ አለማወቅ አድርጎ ማውራት ግፍ ነው። ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 የስታርትን ማውጫ ሲያመጣ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የተደረደሩት በሠሪው ኩባንያ ስም ነበር። ደብዳቤ ጸሐፊ የኩባንያ ስም ምን ይሠራለታል? ማይክሮሶፍት ራሱ በ2012 በዊንዶውስ 8 የስታርትን ቁልፍ አንሥቶ፣ ጩኸቱ ሲበዛበት በ2013 መልሶታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለው፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት ሥዕል ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ ወደ ፕሮግራሙ ወይም ወደ ድረ ገጹ የሚያደርስ አቋራጭ ነው። ቢሰረዝ ፕሮግራሙ አይጠፋም። ስሙም ይለወጣል፦ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ «ሪኔም» የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ «ደብዳቤ»፣ «ባንክ»፣ «ሐኪም» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ነው። ቪስታ በ2007 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ዊንዶውስ የግዕዝን ፊደል ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያሳያል።

የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጡ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት የመጀመሪያውን ሰዓት ለዚህ ቢያውሉት ይሻላል። አርባ ሥዕል የተበታተነበትን ዴስክቶፕ ወደ ስድስት ማውረድ ይቻላል። የቀረው «የልጆች» በተባለ አንድ ፎልደር ይግባ፤ ጌሙ ጠፋ ተብሎ ደግሞ ሌላ ጠብ እንዳይነሣ።