«እነሱ» ከማለታችን በፊት

ወገን! ይቺን ሼር ከምናደርገው ሁሉ አስቀድመን እናንብባት።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ 22 ልጆችን አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ወዳለ ካምፕ ወሰዱ። ልጆቹ 11 ዓመት ገደማ ናቸው፤ ቀለማቸውም፣ ሃይማኖታቸውም፣ ኑሯቸውም ተመሳሳይ ነው። ለሁለት ከፈሏቸው። ልጆቹ ለየቡድናቸው ስም አወጡ፤ ከዚያ ገመድ ጉተታ ገጠሙ። በቀናት ውስጥ ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። የቆየ ቂም አልነበራቸውም። ስምና ፉክክር ብቻ በቃቸው!

አብረው ፊልም ቢያዩ፣ አብረው ቢበሉም አልታረቁም፤ እንዲያውም ምግብ ተወራወሩ። እየቀረቡ የመጡት ውኃ ሲቋረጥና ምግብ ሊያመጣ የነበረው መኪና «አልነሳም» ሲል ነው። መኪናውን አብረው የጎተቱት ቀድሞ በተፋለሙበት ገመድ ነበር።

ወደ ገለጉ እንምጣ። በመይሳው ካሳ አገር በቋራ አማራው፣ ጉሙዙ፣ አገው፣ ቅማንቱ አንድ ገበያ ይውላል። ገበያ ግን ሸጦ ገዝቶ መለያየት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀን አይሰጥም፣ ከዘገየህ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ያኔ ጎንህ የሚያጭደውን ሰው ብሔሩን አትጠይቅም፤ እጁን ነው የምታየው።

ስልካችን ላይ ግን ሌላ ሰው ነን። የእኛ ሰው ሲያጠፋ «ግለሰብ ነው» እንላለን፤ የነሱ ሰው ሲያጠፋ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው!»።

ታኅሣሥ 2013 መተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ንጹሐን ተገደሉ። ያ ቁስል አልዳነም፣ መዳንም የለበትም ፍትሕ ሳይመጣ። ቁጣችን ልክ ነው። ነገር ግን ቋራ ላይ ከብት የሚጠብቅን የጉሙዝ ልጅ በዚያ ደም መጠየቅ፣ ገዳዮቹ ያሰቡትን ሐሳብ ተውሶ ማሰብ ነው። እነሱም የሟቾቹን ጥፋት አልጠየቁም፤ የማን ወገን እንደሆኑ ብቻ ነው ያዩት።

ስለዚህ አንድ ወሬ ሲደርስህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ማን ነው ያደረገው? የት? ማን አየ? መልስ ከሌለው ጣትህን አንሳ። ያንተ ሼር እዚህ ገለጉ ሲደርስ፣ ነገ አብረን የምናጭደው ሰው ቤት ነው የሚያርፈው።