ያለ ነዳጅ የሚሠራው ጄኔሬተር የማንን ቤት ነው የሚያበራው?

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ ልኮልኝ «አክሲዮን ልግዛ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ቪዲዮው ላይ ሞተር ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ መልሶ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ በተረፈው ደግሞ አምፖል ይበራል። ነዳጅ የለ፣ ቆጣሪ የለ። ከሥር ያለው አስተያየት ሁሉ «መንግሥት ለምን አይደግፈውም?» የሚል ነው።

ይህ ማሽን መብራት አያመነጭም። የሚያመነጨው ገንዘብ ነው፤ ያውም ከየዋህ ሰው ኪስ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ ከተቀበለው ኃይል 90 በመቶውን ቢሰጥ፣ ጄኔሬተሩም እንዲሁ 90 በመቶውን ቢመልስ፣ በ1,000 ዋት የተጀመረው ከአንድ ዙር በኋላ 810 ዋት ይሆናል። በሁለተኛው ዙር ወደ 656 ይወርዳል። የጎደለው በሙቀትና በድምፅ ሄዷል። አምፖሉ ከዚህ በኋላም በርቶ ከቀጠለ፣ ባትሪውን ወይም ሽቦውን ፈልጉ።

የህዳሴ ግድባችን እንኳ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያገኘው ውሃው ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ያንን ውሃ ፀሐይ ከባሕር አንሥታ ደጋው ላይ ባታዘንበው ተርባይኑ አይዞርም። እኛም ቦንድ ገዝተን ነው የሠራነው።

«ኃያላኑ ስለሚደብቁት ነው» የምትሉ አላችሁ። ማን ደበቀው? በፊላደልፊያ ጆን ኪሊ የሚባል ሰው ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ኃይል አገኘሁ እያለ አክሲዮን ሸጠ። በ1898 ከሞተ በኋላ ከላቦራቶሪው ወለል በታች የታመቀ አየር መያዣ ትልቅ የብረት ሉልና ቱቦዎች ተገኙ። ስቲዮርን የተባለው የአየርላንድ ኩባንያ በ2006 በታዋቂው ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ሳይንቲስቶችን «ኑና መርምሩኝ» አለ። በ2009 መርማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ኃይል ሲያመነጭ አላሳየንም» አሉ። ኩባንያው በመጨረሻ ፈረሰ፤ የባለ አክሲዮኖቹ ሚሊዮኖችም አብረው ቀሩ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚማ ገና በ1775 እንዲህ ያለ ማሽን አልመረምርም ሲል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ነገሩ ቤተሰብ ያደኸያል የሚል ነበር።

ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ ጥቅሙ ተዘርዝሮ አያልቅም። ወፍጮ ይፈጫል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ የገበሬውን የውሃ ፓምፕ ያለ ናፍጣ ያሽከረክራል። ታዲያ ባለቤቱ አንድ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ሀብታም መሆን ሲችል፣ የእኔና የእናንተን መዋጮ ምን አስፈለገው?

ጋዜጠኛ ወገኖቼም ተጠያቂ ናችሁ። ልጁን ስቱዲዮ አስቀምጣችሁ «ሊቅ» ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ፤ አንድም የመለኪያ መሣሪያ አታመጡም። ጎበዝ እጅ ያለው ልጅ የማይሆን ነገር ላይ አሥር ዓመት ያባክናል። ያ እጅ የፀሐይ ፓምፕ ወይም ትንሽ የወንዝ ተርባይን ቢሠራ ስንት ቀበሌ ያበራ ነበር! ማጨብጨብ ፍቅር አይደለም። ዎርክሾፕ ስጡት፤ እውነቱንም ንገሩት።

ለአክስቴ ልጅ እንዲህ መለስኩለት፦ «ማሽኑን ባዶ ክፍል ውስጥ ከነፓምፑ ቆልፉበት፤ ቁልፉን አንተ ያዝ። 30 ቀን ሙሉ ውሃ እየሳበ ከቆየ፣ እኔም ቤቴን ሸጬ እገዛለሁ።»

ሻጩ በዚህ ፈተና አልተስማማም አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሊገዛ የተነሣ ዘመድ ያላችሁ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል አድርሱለት።