ፈልጎ ማጣት ማስረጃ ነውን?

ሰው የፈለገውን ነገር ባጣ ጊዜ፣ ነገሩ የለም ብሎ ከመፍረዱ አስቀድሞ በምን መሣሪያ እንደ ፈለገው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን ጥያቄ መዘንጋት ምን ያህል እንደሚጐዳ የጨጓራ ቁስለት ምርምር ታሪክ በሚገባ ይመሰክራል።

በ1954 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ኤዲ ፓልመር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1,180 ሰዎች ጨጓራ የተወሰደ ናሙና መርምረው አንድም ጠምዛዛ ተሕዋስ አላገኘሁም ብለው በጻፉ ጊዜ፣ ቃላቸው በሊቃውንቱ ዘንድ እንደ ጉባኤ ውሳኔ ጸና። ነገር ግን ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1893 ይህን መሰል ተሕዋስ በውሾች ጨጓራ ውስጥ አይተው ጽፈው ነበር፤ በ1940ም ፍሪድበርግና ባሮን በቦስተን ከተማ፣ በቀዶ ሕክምና ከወጡት የሰው ጨጓራዎች ከሲሶ በሚበልጡት ውስጥ አግኝተውት ነበር። ልዩነቱ ከማቅለሚያው ላይ ነበር፤ ቦስተኖቹ ተሕዋሱን አጥቍሮ የሚያሳየውን የብር ማቅለሚያ ሲጠቀሙ፣ ፓልመር የተጠቀሙበት የዘወትሩ ማቅለሚያ ግን ተሕዋሱን ከዙሪያው ለይቶ ለማውጣት እምብዛም የማይረዳ ነበር።

እንግዲህ ለቁስለት ምክንያት ሊሆን የሚችለው ተሕዋስ በጨጓራ የለም ስለ ተባለና ቁስለት ሁሉ የአሲድ ልጅ ነው የሚለው ትምህርት ተቃዋሚ ሳይኖረው ስለ ነገሠ፣ ሕመምተኛው ወተት ጠጣ፣ ከጭንቀት ራቅ ተባለ፣ ሲብስበትም ጨጓራው ተቈርጦ ወጣለት፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም አሲድ የሚቀንሱ ክኒኖች መጥተው እፎይታ ቢሰጡትም፣ መድኃኒቱን ባቋረጠ ጊዜ ቁስሉ ተመልሶ ይነሣበት ነበር።

በ1979 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ንጉሣዊ ሆስፒታል የሕብረ ሕዋስ መርማሪ የነበሩት ሮቢን ዋረን፣ በተቈጣ የጨጓራ ሽፋን ላይ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መስመር ቢመለከቱ፣ ናሙናውን በብር አቅልመው እንደ ገና አዩት፤ ተሕዋሱም ጥቍር ሆኖ፣ ተሰልፎ ታያቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ተባበሯቸው። ተሕዋሱን በሳህን ላይ ለማራባት ያደረጉት ሙከራ ደጋግሞ የከሸፈው ሳህኖቹ በሁለተኛው ቀን ስለሚጣሉ ነበርና፣ በ1982 የፈረንጆች ፋሲካ ዕረፍት ሳህኖቹ ሳይነኩ በመሰንበታቸው ዝግተኛው ተሕዋስ በቅሎ ተገኘ። በ1984ም ማርሻል ጨጓራቸው ጤናማ መሆኑን አስቀድመው አስመርምረው ተሕዋሱን በጽዋ ጠጡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያቅለሸልሻቸውና ያስመልሳቸው ጀመር፤ በ10ኛው ቀን የተወሰደውም ናሙና ጨጓራቸው መቈጣቱንና ተሕዋሱም በዚያ መስፈሩን አሳየ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች፣ ሊቃውንት የናቁት ሁሉ እውነት የተናገረ ይመስል፣ ለራሳቸው ያልተፈተነ መድኃኒት መከላከያ ያደርጉታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በግሪክ አገር፣ በሚሶሎንጊ፣ ዮሐንስ ሊኩዲስ የተባሉ ሐኪም ከ1958 ጀምሮ የቁስለት ሕመምተኞቻቸውን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያክሙ ነበር፤ ዳሩ ግን ምስክራቸው የዳኑት ሰዎች ቃል ብቻ ስለ ነበረ፣ የሞያ ጓደኞቻቸው አላመኗቸውም፣ በገንዘብም ተቀጡ። ማርሻልም ቢሆኑ የጠጡት ጽዋ ያመጣባቸው የጨጓራ ብግነት እንጂ ቁስለት አልነበረምና፣ ድፍረታቸው ብቻውን ክርክሩን አልዘጋም። ሐዋርያው ቶማስ ካልዳሰስሁ አላምንም ባለ ጊዜ እንዲዳስስ ተፈቀደለት እንጂ ከማኅበሩ አልተለየም፤ ለሐኪሞቹም መዳሰሻ የሆናቸው በ1988 የወጣው የማርሻልና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው፤ በዚህም ተሕዋሱ ካልጠፋላቸው ሕመምተኞች መካከል፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው ከመቶ 84 ሲሆኑ፣ ተሕዋሱ ከጠፋላቸው ግን 21 ብቻ ነበሩ።

ዋረንና ማርሻል በ2005 የኖቤል ሽልማት መቀበላቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ከክብሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ የብር ማቅለሚያውም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱም በ1954 በሐኪሞች እጅ የነበሩ መሆናቸው ነው። አገኘሁ የሚለውን ሰው አሳየን ማለት ተለምዷል፤ ፈልጌ አጣሁ የሚለውንም ሊቅ፣ ማዕርጉ የቱንም ያህል ቢከበር፣ በምን ፈለግህ ብሎ መጠየቅ እንዲሁ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ይህ ጥያቄ በጊዜው ቢነሣ ኖሮ፣ ስንት ሰው ጨጓራው ሳይቈረጥ በተረፈ ነበር።