«ደኅንነቱ ተረጋግጧል» ሲባል ለየትኛው ዝግጅት ነው?

የባህል መድኃኒት በብዙ አካባቢዎች የሕመምተኛው የመጀመሪያ መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቁት፣ እስከ 2034 የሚዘልቀው የባህል ሕክምና ስትራቴጂም በማስረጃ የተደገፈ አጠቃቀምን ያበረታታል። በመሆኑም አንድ ዕፅ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ደኅንነቱ እንደተረጋገጠ ሲነገር ዜጎች ዕፁን ከገበያ ለመግዛት ቢነሣሡ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የምርመራ ውጤት የሚያገለግለው ለተመረመረው ዝግጅት እንጂ ለዕፁ ስም አይደለም።

ኮሶ ለዚህ ማሳያ ይሆናል። አበባው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ለዘመናት አገልግሏል። መጠኑ ሲበዛ ግን ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ እንደሚያስከትል፣ ከዚያም አልፎ የዓይንን ብርሃን እንደሚጎዳ በሕክምና ተመዝግቧል። ዕፁ አንድ ሆኖ ሳለ ፈዋሽነቱንና ጎጂነቱን የሚለየው መጠኑ ነው።

የደኅንነት ጥናት የሚጀምረው የዕፁን ትክክለኛ ማንነት በባለሙያ በማስለየት ነው። ከዚያም ቅጠሉ፣ ሥሩ ወይም ፍሬው ደርቆ በውኃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል። በሁለቱ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ስለሚለያዩ የአንዱ ውጤት ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። ቀጥሎ ለአይጦች አንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን፣ ለምሳሌ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 2,000 ሚሊ ግራም፣ ተሰጥቶ ለ14 ቀናት ክትትል ይደረጋል። በሌላ ጥናት ደግሞ ለ28 ወይም ለ90 ቀናት በየዕለቱ እየተሰጣቸው ደማቸው፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይመረመራል። በሰው ላይ የሚደረገው ጥናት የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ የ14 ቀን ጥናት ዝግጅቱን ለወራት ለሚወስድ ሰው ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ይህን ቅደም ተከተል መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት በሌላ ሀገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ከተማ ክብደት ለመቀነስ ይሰጥ በነበረ ዝግጅት ውስጥ አንዱ ዕፅ በሌላ መርዛማ ዕፅ ተተክቶ ነበር። በዚህም ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ለከባድ የኩላሊት ሕመም ተዳርገዋል።

በሀገራችን የመድኃኒትን ደኅንነት፣ ፈዋሽነትና ጥራት የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። በባህል መድኃኒት ላይ ምርምር ከሚያካሂዱት ተቋማት አንዱ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ምርመራው የባህል ዐዋቂዎችን ዕውቀት መጠራጠር አይደለም፤ በልምድ የታወቀውን መጠንና አዘገጃጀት በልኬት ማጽናት ነው።

ስለሆነም ዜጎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

• ተመርምሯል የተባለ ዝግጅት ሲቀርብላችሁ የትኛው የዕፁ ክፍል፣ በምን ተዘጋጅቶ፣ በምን ያህል መጠንና ለስንት ቀን እንደተመረመረ ጠይቁ።

• ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ የምትወስዱትን የባህል መድኃኒት ሳትደብቁ ለባለሙያው ንገሩ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒትም በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ።

• ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት እንዲሁም የጉበትና የኩላሊት ሕሙማን ያለ ባለሙያ ምክር አይውሰዱ።

• ጉዳት ከተሰማችሁ የተረፈውን ዝግጅት ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ፈጥናችሁ ሂዱ፤ የዝግጅቱ ምንነት መታወቁ ሐኪሙ ተገቢውን ሕክምና እንዲወስን ይረዳዋል።