መርዝ መድኃኒት የሚሆነው ሲለካ ነው

ስለ ደም ካንሰር ሕክምና ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ለጋሹ ነው። ወንድም ለእህቱ ስቴም ሴል ሰጠ፣ ሕይወቷም ተረፈ ይባላል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የለጋሹ ሴሎች ወደ ሕመምተኛው ደም ሥር ከመግባታቸው በፊት ባሉት ቀናት ሕመምተኛው የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችን፣ አንዳንዴም የመላ ሰውነት ጨረራ ይወስዳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ የዝግጅት ሕክምና ለሳይንስ ተማሪ ምን እንደሚያስተምር አስተያየታችንን እናቀርባለን።

ዝግጅቱ ሦስት ተግባራት አሉት። አንደኛው የተረፉትን የካንሰር ሴሎች መግደል ነው። ሁለተኛው የሕመምተኛው የበሽታ መከላከያ ኃይል እንግዶቹን ሴሎች እንዳያባርር ማዳከም ነው። ሦስተኛው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ለአዲሶቹ ሴሎች ስፍራ ማስለቀቅ ነው።

ለዚህ ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ሰናፍጭ ጋዝ ዘንድ ያደርሰናል፤ ይኸውም ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በወገኖቻችን ላይ ያዘነበው መርዝ ነው። ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ ጋዝ የተጎዱ ሰዎች ነጭ የደም ሴሎቻቸው እንደሚመናመኑ አስተውለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ በሰልፈር ፈንታ ናይትሮጅን የያዘ የጋዙ ዘመድ ለሊምፎማ ሕመምተኛ ተሰጠ። እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው። መርዙን መድኃኒት ያደረገው ግን በጎ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ልኬት ጭምር ነው።

ልኩን ማግኘት ቀላል አልነበረም። በዚህ ሕክምና ፈር ቀዳጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ዶናል ቶማስ የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ያሳተመው በ1957 ነበር። የዚያ ዘመን ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ መጠኑ በበረታ ቁጥር ካንሰሩ ይጠፋል፣ የለጋሹ መቅኒም የወደመውን ይተካል የሚል ነበር። ቆየት ብሎ ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ከተመሳሳይ መንትያቸው መቅኒ የተቀበሉ ሰዎች፣ ከሌላ ወንድም ወይም እህት ከተቀበሉት ይልቅ በሽታው ያገረሽባቸው ነበር። ለካስ የለጋሹ ሴሎች ምትክ ብቻ አልነበሩም፤ ካንሰሩን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይዋጉት ነበር።

ከዚህ በኋላ መጠኑን መቀነስ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሲያትል ተመራማሪዎች 12 ግሬይ ገደማ የነበረውን ጨረራ ወደ 2 ግሬይ አወረዱት። ጠንካራውን ዝግጅት የማይችሉ አረጋውያንም የመዳን ዕድል አገኙ። ሆኖም መቀነስም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመ፣ 272 ሕመምተኞች በዕጣ በተመደቡበት የአሜሪካ ጥናት፣ በ18 ወራት ውስጥ በሽታው ያገረሸው ቀላሉን ዝግጅት ከወሰዱት 48 በመቶ ገደማ፣ ጠንካራውን ከወሰዱት ደግሞ 14 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። በሕክምናው ምክንያት የሞቱት ግን በቀላሉ ወገን 4፣ በጠንካራው ወገን 16 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ «ብዙ ይሻላል» ወይም «ጥቂት ይሻላል» የሚል ጥቅል መልስ የለም። ለዚህ ሰው ምን ያህል? የሚለው ነው ጥያቄው።

እዚህ ላይ የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎች ጆሮ እንዲሰጡን እንሻለን። ቡሱልፋን የተባለው መድኃኒት በክብደት ተሰልቶ ቢሰጥም፣ እያንዳንዱ ሰውነት የሚያስወግድበት ፍጥነት ይለያያል። ከበዛ የጉበት ጥቃቅን ደም ሥሮች ተደፍነው ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ካነሰ የለጋሹ ሴሎች ላይጸኑ ወይም ካንሰሩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በተወሰኑ ሰዓታት ደም እየተቀዳ የመድኃኒቱ ክምችት ይለካል፣ ከጊዜ ጋር በግራፍ ይነደፋል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋትም ይሰላል። ቀጣዩ መጠን የሚስተካከለው በዚህ ስፋት ነው። ይህ ስፋት አንደኛ ዓመት ተማሪ ትራፒዝየም እየደረደረ የሚያሰላው ኢንቴግራል እንጂ ሌላ አይደለም። «ኢንቴግራል ለምን ይጠቅመናል?» ብለው ለሚጠይቁን ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

አንዳንዶች መሠረታዊው መድኃኒት እንኳ ለሁሉም ባልተዳረሰበት ሀገር ስለ ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ላይ እንስማማለን። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለን መድኃኒት የመለካት ችሎታ ለንቅለ ተከላ ብቻ የሚውል አይደለም። በልጆች ሉኬሚያ ለሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ሜቶትሬክሴት፣ ለጄንታማይሲን፣ ለሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ለፌኒቶይንም ያስፈልጋል። ስለዚህ በእኛ እምነት ከትልቁ ሕንፃ በፊት መቅደም ያለበት የሚለካው ላቦራቶሪና የሚያሰላው ሰው ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድ የመመረቂያ ሥራ ላይ አብረው እንዲሠሩ ቢደረግ፣ ጅማሬው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሐኪሙ ብቻውን ይህን ሸክም ሊሸከም አይገባውም። ሕመምተኛው በሁለት አደጋዎች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ሲያልፍ፣ የመንገዱን ስፋት ለክቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ዛሬ በክፍላችን ተቀምጦ ትምህርቱ ከሕይወት የራቀ መስሎት የሚሰላች ተማሪ ሊሆን ይችላል።